ለቀቅ ያለችው ቀለበት፤ ስለ ቧንቧ ገጣሚው አው ዩሱፍ

አገሬው በአክብሮት «አው» የሚላቸው ቧንቧ ገጣሚው አው ዩሱፍ ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በፊት በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ። በዚያው ዕለት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከግንቡ ውጪ ባለው መካነ መቃብር አባታቸው አጠገብ ተቀበሩ። የሸኛቸው ሰው ጥቂት ነበር። በዚህ ከተማ ከሃምሳ የማያንሱ ቤቶች ውሃ የሚጠጡት በእሳቸው እጅ በተገጠመ ቧንቧ ሆኖ ሳለ ሸኚው ለምን ጥቂት እንደ ሆነ፣ የምታውቋቸው ሁሉ ታውቃላችሁ። ያወቃችሁት ግን ስሕተት ነው። ይህን የምጽፈው ስለዚህ ነው።

ሰባት ዓመት ሙሉ አው ዩሱፍ «ያላጠበቀው» ተብለዋል። ፊት ለፊታቸው ያለ ሰው የለም፤ ሲያልፉ ከኋላቸው ነው የሚባለው። ያን ስም ያወጣው ማን እንደ ሆነ አላውቅም፤ እንዲጸና ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ። እሳቸው በሕይወት ሳሉ መልስ አልሰጡም፤ አሁን ደግሞ ሊሰጡ አይችሉም። ስለዚህ የወሰድሁባቸውን ስም በምችለው መንገድ ልመልስላቸው እነሣለሁ።

አው ዩሱፍ የተወለዱት እዚሁ ከግንቡ ውስጥ ነው። የሸዋ ጦር ከተማይቱን በያዘ ጊዜ ገና ልጅ ነበሩ። የእኔ አባት ከዚያ ጦር ጋር ከመጡት አንዱ ነበር። ይህን አንድ ቀን አቀርቅሬ ብነግራቸው፣ «እንግዲያው አባትሽ ሲገባ ጣራ ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ ማለት ነው፤ በቅሎው ዳማ ነበረች?» ብለው አሳቁኝ። በሌላ ጊዜም አላነሡብኝም።

አባታቸው ብር አንጥረኛ ነበሩ፤ እሳቸውም ከአባታቸው ተምረው ለሙሽሮች አምባርና ቀለበት ይሠሩ ነበር። ወደ ቧንቧ ሥራ የገቡት ከጎለመሱ በኋላ ነው። አንድ የባሕር ማዶ ነጋዴ በቤቱ መታጠቢያ ሊያስገጥም ከድሬዳዋ ባለሙያ አስመጥቶ፣ ባለሙያው በደረሰ በማግስቱ ወባ ጣለው። ነጋዴው አው ዩሱፍን ጠርቶ «አንተ መዳብ ታውቃለህ» አላቸው። ታማሚው አልጋው ላይ ተጋድሞ በጣቱ እያሳየ፣ እሳቸው እየሠሩ ጨረሱት። ሰው «ሙያውን ከማን ተማሩ?» ሲላቸው፣ «ከአንድ የታመመ ሰው ጣት» ይሉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አበጁ። ቧንቧ ሊያስገባ የሚጠራቸው ባለጸጋ፣ ከቤቱ ግንብ ውጪ ለመንገደኛ አንድ የውሃ አፍ ካላወጣ ሥራውን አይቀበሉም። «ውሃው በእኔ እጅ ከገባ አንዱ አፍ ወደ መንገድ ይዙር፤ አለዚያ ሌላ ይፈልጉ» ይላሉ። የተከራከራቸው ብዙ ነው። አንዱ ባለቤት «አላፊ አግዳሚው ደጄን ጭቃ ሊያደርገው?» ቢላቸው፣ «ጭቃው ወደ እርስዎ እንዳይመጣ በድንጋይ አነጥፍልዎታለሁ፤ ድንጋዩ ከእኔ» ብለው በእጃቸው አነጠፉለት። ዛሬ ወደ ጊደር መጋላ ገበያ እህል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ቁና ከራሳቸው አውርደው ጉሮሯቸውን የሚያርሱባቸው እነዚያ የግንብ አፎች ሁሉ የአው ዩሱፍ ናቸው። ከእነዚያው አፎች እየጠጡ «ያላጠበቀው» ይሏቸው ነበር።

እኔን የሚያውቀኝ ጥቂት ስለ ሆነ ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። ፊደል የቆጠርሁት ባሌ ከሞተ በኋላ፣ በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከግንቡ ውጪ ወዳለው ሕክምና ቤት አንሶላ አጣፊ ሆኜ ገባሁ። አማርኛውን ከአንድ ዲያቆን፣ የፈረንጁን ፊደልና ቁጥር እዚያ ከምታገለግል አንዲት መነኵሲት ተማርሁ። ቆይቶ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጡኝ። ዘግይቶ የተማረ ሰው በያዛት ነገር ይቀናል፤ እኔም እያንዳንዱን ሳጥን፣ እያንዳንዱን ጠርሙስ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ስም አወጣሁለት። አንድ ነጥብ የሳተ ጽሑፍ ካየሁ ቀዳድጄ እንደ ገና እጽፋለሁ። በልብስ ማጠቢያ ቤቱ የምትሠራው ደብሪቱ ይህ ነገሬ ያስቃት ነበር። ስታየኝ ወገቧን ይዛ፣ «የኔታ አስካለ፣ ዛሬ ምን ደገሙ?» ትለኛለች። ሌሎቹ ሴቶች ይስቃሉ። እኔ አልስቅም ነበር።

አው ዩሱፍ ለሕክምና ቤቱ ቧንቧ ሊዘረጉ ሲመጡ የዕቃው ኀላፊ እኔ ስለ ነበርሁ፣ ብዙ ቀን አብረን ዋልን። የፈረንጅ ቁጥር አያነቡም፤ እኔ አነብላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ ሥራውን ያሳዩኛል። የመዳብ ቧንቧ እንዴት እንደሚገጠም ለማያውቅ አንባቢ እንደ ነገሩኝ ልናገር፤ ያለዚህ ነገሩ አይገባም።

ቧንቧው በቀጭን መጋዝ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል። መጋዙ የተወው ስለት ከውስጥም ከውጭም በሞረድ ይጠረጋል። «ሲወለድ አፉን ካልጠረግህለት ዕድሜውን ሙሉ ያቃስታል» ይሉ ነበር። ከዚያ ዳዶው፣ ውስጡ ጥርስ ያለው ማጥበቂያ፣ በቧንቧው ላይ ይጠለቃል፤ ከዳዶው ቀጥሎ አንዲት ቀጭን የነሐስ ቀለበት። ቧንቧው መጋጠሚያው ውስጥ መጨረሻውን እስኪነካ ይገባል። ዳዶው ሲጠብቅ ቀለበቷን ጨምቆ ቧንቧው ላይ ያስነክሳታል። ውሃውን የምትይዘው ያቺ ቀለበት ናት እንጂ የዳዶው ጥርስ አይደለም። ስለዚህ ጥርሱ ላይ ክር የሚጠመጥም ገጣሚ ሲያዩ ይስቁበት ነበር፦ «ሌባው በበር ሲገባ እሱ መስኮት ይዘጋል።»

በእጅ እስኪቆም ያዞሩታል። ከዚያ ዳዶው ላይ በኖራ ምልክት አድርገው በመፍቻ አንድ ዙርና ሩብ። ከዚያ አያልፉም። በሌላ መፍቻ መጋጠሚያውን ይይዛሉ፦ «አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያዞራል፤ ሁለቱም ከዞሩ ትዳር ፈረሰ።» አንድ ጊዜ የጠበቀች ቀለበት ከተፈታች ዳግመኛ አይገጥሟትም፤ ይጥሏታል። ጉልበተኛ ነን ብለው ዳዶ የሚያንቁ ሰዎችን ሲያዩ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ የምታውቋቸው ሁሉ ሰምታችኋል፦ «ማጥበቅ ሌላ፣ መግጠም ሌላ። ጉልበት ያጠብቃል፤ የሚገጥመው ልክ ነው።»

ሥራው ሲያልቅ በትንሽ እንጨት ቧንቧውን ሦስት ጊዜ ይመቱና ጆሯቸውን ይለጥፉበታል። ድምፁ ደስ ሲላቸው «አልሐምዱሊላህ» ብለው መሣሪያቸውን ይሰበስባሉ። ያን ሦስት ምት ዛሬም እሰማዋለሁ። የት እንደምሰማው በኋላ እናገራለሁ።

ወደ ሐረር ዕቃ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ከጂቡቲ በባቡር እስከ ድሬዳዋ፣ ከዚያ ተራራውን ወጥቶ ወደዚህ፤ ሁለተኛው ከኤደን በመርከብ እስከ ዘይላ፣ ከዚያ በግመል። የባቡሩ ዕቃ በሚሊሜትር ተለክቶ ይመጣል፤ የግመሉ በኢንች። ለአሥራ ሁለት ሚሊሜትር ቧንቧ የተሠራች ቀለበትና ለግማሽ ኢንች የተሠራች ቀለበት ጎን ለጎን ቢቀመጡ ዐይን አይለያቸውም። ልዩነታቸው የጥፍር ውፍረት ብትሆን ነው። ሰፊዋ ቀለበት በጠባቡ ቧንቧ ላይ ብትገባ፣ ዳዶው ሲጠብቅ ትጨማደዳለች እንጂ አትነክስም። እጅ ግን የጠበቀ ይመስለዋል። ቀዝቃዛ ውሃም ትይዛለች። ሙቅ ውሃ በኀይል ሲመጣባት ነው ቧንቧው ሹልክ ብሎ የሚወጣው። አው ዩሱፍ በሁለቱ መንገዶች መካከል ስለሚኖሩ ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር፤ እያንዳንዷን ቀለበት ቧንቧው ላይ አስገብተው በአውራ ጣታቸው ሳያንቀሳቅሱ አያስሩም። እኔንም በሁለት መንገጭላ በሚለካው መለኪያ መለካት አስተምረው፣ «ሁሉንም ለኪ፤ ከላይ ያለችው ስለ ታችኛዋ አትመሰክርም» ብለውኝ ነበር።

ለማጠቢያ ቤቱ የሙቅ ውሃ ቧንቧ የሚሆኑ ቀለበቶች በአንድ ሳጥን መጡ። ክዳኑ ላይ በፈረንጅ ማተሚያ አሥራ ሁለት ይላል። ከላይ ያሉትን ሦስት ለካሁ። ሦስቱም አሥራ ሁለት ነበሩ። የቀሩትን አልለካሁም። ወረቀት ቆርጬ፣ መስመር አስምሬ፣ «የነሐስ ቀለበት፣ ፲፪ ሚሊሜትር፣ ተለክቷል» ብዬ በጥቁር ቀለም ጻፍሁና ለጠፍሁበት። ነጋዴው ሳጥኑ ቢጎድልበት ከታች በግመል በመጡ ቀለበቶች ሞልቶት ኖሯል። በተንኰል ይሁን ባለማወቅ አላውቅም። እኔ የማውቀው «ተለክቷል» ብዬ መጻፌን ነው።

አው ዩሱፍ ያን ቧንቧ የገጠሙ ዕለት ረፋድ ላይ ነበር። ደብሪቱና ሌሎች ሦስት ሴቶች አንሶላ ይጨምቁ ነበር። እኔ ሳጥኑን ይዤ ቆሜያለሁ። የመጨረሻውን መጋጠሚያ ሊያስሩ አንዲት ቀለበት ከታች አውጥቼ ሰጠኋቸው። ቧንቧው ላይ አስገቧት። በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጓት። እንደ ገና ገፋ አደረጓት።

«አስካለ ልጄ፣ ይህቺ ለቀቅ ብላለች።»

«አሥራ ሁለት ናት፣ አው ዩሱፍ።»

«ተለክታለች?»

«ተጽፏል።»

ደብሪቱ ከጨመቀችው አንሶላ ቀና ሳትል፣ «ይዘኑላቸው እንጂ አው ዩሱፍ፤ የኔታ በቁጥር ገና ናቸው፣ የደረሱት አሥር ላይ ነው» አለች። ሴቶቹ ፍርፍር ብለው ሳቁ። ፊቴ ጋለ። ሳጥኑን ወደ እሳቸው አዞርሁና ወረቀቱን አሳየኋቸው፤ እንደማያነቡ እያወቅሁ።

«በእጄ ለክቼ የጻፍሁትን የማያምኑ ከሆነ፣ የሚያነብልዎ ሌላ ሰው ይፈልጉ» አልኋቸው።

አው ዩሱፍ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ አዩ። ሴቶቹ እሳቸው የሚሉትን ለመስማት ሥራቸውን አቁመው ነበር። ያን አስተያየት ሰባት ዓመት ስፈታው ኖሬ የፈታሁት ባለፈው ሳምንት ነው። አንድ ሌላ ቀለበት ከሳጥኑ ማውጣት፣ ቧንቧው ላይ ማስገባት፣ «እዪ፣ ይህቺ ትገጥማለች፤ ያቺ ሌላ ናት» ማለት ነበር የሚጠበቅባቸው። ያን ካደረጉ ግን ጽሑፌ በእነዚያ ሴቶች ፊት ውሸት ሊሆን ነው። እኔም ከዚያ በኋላ በዚያ ግቢ ቀና ብዬ አልሄድም።

«ካልሽ ልክ ነሽ ልጄ» አሉ። «የእኔ ጣት አርጅቷል።»

አሰሩት። አንድ ዙርና ሩብ። እንጨቱን አንሥተው ሦስት ጊዜ መቱ። ጆሯቸውን ለጠፉ። ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ። «አልሐምዱሊላህ» ሳይሉ መሣሪያቸውን ሰበሰቡ።

ቧንቧው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወጣ። ደብሪቱ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብላ ነበር። ጩኸቷን ስሰማ እኔ ዕቃ ቤት አንሶላ እየቈጠርሁ አሥራ ዘጠኝ ላይ ደርሼ ነበር። ዛሬም አንሶላ ስቈጥር አሥራ ዘጠኝ ላይ እጄ ይቆማል። ቀኝ ክንዷና አንገቷ ተቃጠለ። እግዚአብሔር ነፍሷን አተረፈላት፤ የቀኝ እጇ ጣቶች ግን ተኰራምተው ቀሩ፤ ከዚያ ወዲያ አንሶላ አልጨመቀችም።

ሐኪሙ በማግስቱ ሁላችንንም በረንዳው ላይ ሰበሰቡን። ባዕድ ሰው ስለ ነበሩ በአስተርጓሚ ይጠይቁ ነበር። መጀመሪያ እኔን ጠየቁ፦ ቀለበቶቹ ልካቸው ትክክል ነበር?

«አሥራ ሁለት ናቸው፤ የለካሁት እኔ ነኝ፤ ጽሑፉ አለ» አልሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እውነት መስሎኝ ነበር፤ ወይም እውነት እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ሁለቱን መለየት አሁንም አቅቶኛል።

ከዚያ አው ዩሱፍን፦ የወጣችዋ ቀለበት የት አለች?

«ከውሃው ጋር ሄደች» አሉ።

ሐኪሙ፦ እንግዲያው ለምን ወጣ?

አው ዩሱፍ እጃቸውን ዘርግተው አዩትና፣ «ያሰረችው ይህቺ እጅ ናት። ሌላ እጅ አልነካውም» አሉ። አስተርጓሚው ይህን ሲተረጕም አሳጥሮ «አላጠበቅሁም ይላል» ያለ ይመስለኛል፤ ሐኪሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያው ቀን ከተማው ሰማ።

ከሥራው ከመሰናበታቸው በፊት አንድ ነገር ለመኑ፤ በዚያ ሰሞን የገጠሙትን ሁሉ ፈትተው እንደ ገና እንዲገጥሙ። ተፈቀደላቸው። ሁለት ቀን ሙሉ እየፈቱ፣ ከቤታቸው ባመጧቸው ቀለበቶች እየለወጡ አሰሩት። ሰው ግን ይህንኑ እንደ ማስረጃ ወሰደው፤ «ጥፋት ባይኖርበት ለምን ይፈታዋል?» አለ። እኔም እንደዚያው አልሁ። በመጨረሻ ወደ ዕቃ ቤቱ መስኮት መጥተው፣ «የቀረውን ሳጥን ልውሰደው?» አሉኝ። ቀና ብዬ ሳላያቸው ገፋሁላቸው። ለምን እንደሚፈልጉት አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ ቧንቧ የሚያስገጥማቸው አልተገኘም። ወደ ጊደር መጋላ በሚወስደው ጠባብ መንገድ ላይ ባለች ሱቃቸው የፋኖስ መቅረዝ ሲበይዱ፣ የተሰነጠቀ ድስት ሲጠግኑ ከረሙ። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ አልፌያቸው እሄዳለሁ። «ሰላም ነው አስካለ ልጄ? ምን ታነቢያለሽ ዛሬ?» ይሉኛል። ያነበብሁትን እነግራቸዋለሁ። አንድም ቀን ስለ ቀለበቷ አላነሡም። ዓርብ ዓርብ ከሶላት መልስ ግን በሕክምና ቤቱ ግንብ ሥር ሲያልፉ ከዕቃ ቤቱ መስኮት አያቸው ነበር። ማጠቢያ ቤቱ ባለበት ቦታ ቆም ብለው መዳፋቸውን ግንቡ ላይ ያሳርፋሉ። የሚሰሙ ይመስላሉ። ከዚያ ይሄዳሉ።

ቧንቧ ሲሞቅ ይረዝማል፤ ሲረዝም ግንቡ ውስጥ ይንኳኳል። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ስለ ሆኑ በዕቃ ቤቱ ግንብ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የምሰማው ምት ምን እንደ ሆነ አውቃለሁ። ባለፈው ሐሙስ ግን የማጠቢያ ቤቱ ምድጃ በጽዳት ምክንያት አልተለኰሰም ነበር። ከቀትር በፊት ግንቡ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ብዕሬን አስቀመጥሁ። ሄጄ ምድጃውን ዳሰስሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ቧንቧውን ዳሰስሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። አጉል እምነት የለኝም፤ መጻሕፍቴም እንዲኖረኝ አይፈቅዱልኝም። የሰማሁትን ግን ሰምቻለሁ። መሞታቸውን የነገረኝ ሰው ከዚያ ብዙ ሳይቆይ መጣ።

ዓርብ ለማስተዛዘን ሄድሁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው ነበር። ለመሰናበት ስነሣ ከግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ሙዳዮች አንዷን አውርደው ሰጡኝ።

«ይህቺ ያንቺ ሳትሆን አትቀርም» አሉኝ። «እኔ ፊደል አልለይም፤ ውስጧ ያለውን ጽሑፍ ሕክምና ቤቱ የሚሠራ የጎረቤት ልጅ ቢያየው ያስካለ እጅ ነው አለ።»

«ስለሷ የነገሩዎት ነገር አለ?»

«አንድም። ሰባት ዓመት ከራስጌው በላይ ተሰቅላ ነው የኖረችው። አቧራዋን ልጠርግ ባወርዳት አይወድም ነበር። ወርቅ ነው ብዬ ነበር፤ ወላሂ። ከፍቼ ባይ ብረት።»

ቤቴ ገብቼ ክዳኗን አነሣሁ። በእጄ የጻፍሁት ወረቀት ነበረ፤ ቀለሙ ወይቧል። አንዲት የተጨማደደች ቀለበት ነበረች፤ ከውሃው ጋር ሄደች ያሏት ናት። የጣት እርዝመት ያላት የመዳብ ቧንቧ ቍራጭ ነበረች። ቀለበት በደንብ የነከሰው ቧንቧ ዙሪያውን ክብ ጠባሳ ይኖረዋል፤ በዚህኛው ላይ ያለው ግን ወደ ጫፉ የተንሸራተተ ረጅም ጭረት ብቻ ነው። ከእነዚህ በታች ያልተነኩ ቀለበቶች ነበሩ። መለኪያውን አወጣሁ። አሁን አንድም አልዘለልሁም። ሁሉም የግማሽ ኢንች ናቸው። አው ዩሱፍ ከሳጥኑ የእኔን ስሕተት አንድ በአንድ ለቅመው አውጥተው፣ ሌላ ሰው መለኪያ ይዞ እንዳይመጣበት ከራስጌያቸው በላይ ሰቅለውት ነበር።

ለእኔ ሲሉ ደበቁት? ወይስ አንድ ቀን መጥቼ እንድጠይቃቸው እየጠበቁ ነበር? ይህን አላውቅም፤ የማውቅበትም መንገድ የለም። ባለፉት ሌሊቶች እንቅልፍ የነሣኝ መጀመሪያው ሳይሆን ሁለተኛው ነው። ሱቃቸው ሩቅ አልነበረም። «ምን ታነቢያለሽ?» ሲሉኝ ቆሜ ነበር።

ሙዳይዋን ይዤ ቅዳሜ ወደ ደብሪቱ ሄድሁ። ደጃፏ ላይ በግራ እጇ ሽንኩርት ትልጥ ነበር።

«የኔታ» አለችኝ፤ ልማዷ ነው፤ ሰባት ዓመት አልተወችውም።

ቀለበቶቹን በፊቷ ዘርግቼ ነገርኋት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፤ ያለችውንም ቀልድ ሳልዘል። እየሰማች መላጧን አላቆመችም። ስጨርስ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አው ዩሱፍ መጋላ ላይ ሰላም ሲሉኝ ፊቴን አዞርባቸው ነበር» አለች። «ሁልጊዜ ሰላም ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልመለስሁላቸውም።»

«አውቃለሁ።»

«ያን ቀን እኔ ባልስቅብሽ አንቺ ባልተቈጣሽ።»

«የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ ደብሪቱ። ሳልለካ።»

የተኰራመተ እጇን አንሥታ ቀለበቷን ልትይዝ ሞከረች፤ ከጣቶቿ መካከል ሾለከች። በግራ እጇ አነሣቻትና አየቻት።

«ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም» አለች። «ዛሬ አልልሽም። አንድ ነገር ግን ታደርጊልኛለሽ። አንቺ መጻፍ ትወጂያለሽ፤ ጻፊው። እንዲህ ለአንድ ሰው ጆሮ ብቻ አትንገሪ። ከተማው በአፉ ያጠፋውን ስም አንቺ በወረቀት መልሺው። ስትጽፊም የኔን ቀልድ አትተዪ።»

አልተውሁትም።

እንግዲህ የምታውቋቸው ሁሉ፤ ከግንብ አፍ ጎንበስ ብላችሁ ስትጠጡ፣ ውሃውን የገጠሙላችሁ ሰው የሚያጠብቁትንም የሚለቁትንም የሚያውቁ እንደ ነበሩ እወቁ። ያን አንድ ቀን ያልገጠመው የእሳቸው እጅ ሳይሆን የእኔ ጽሑፍ ነው። እሳቸው ያጠፉት ጥፋት አንድ ነው፤ በሴቶች ፊት ሰውን ማሳፈር አልቻሉም። ስለዚያ ጥፋት የሚፈርድባቸው ካለ እኔ አይደለሁም፤ ስማቸውንም ከዛሬ ጀምሮ ሙሉውን ጥሩት።

አው ዩሱፍ። አስካለ ነኝ። ሴት ነኝና ወደ ተኙበት ሥፍራ መጥቼ ልቆም በልማዱ የሚፈቀድልኝ አልሆነም፤ ስለዚህ እንደ ልማዴ በወረቀት መጣሁ። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ ከግንቡ ሥር፣ ዓርብ ዓርብ እርስዎ ይቆሙበት በነበረው ቦታ ቆምሁ። መዳፌን አሳረፍሁ። ግንቡ ዝም ብሏል። የእርስዎን ምት ዳግመኛ እሰማ እንደ ሆነ አላውቅም፤ ቢሰማም አልሸሽም። ያቺን የተጨማደደች ቀለበት ለማንም አልሰጥም፤ ከጠረጴዛዬ በላይ፣ ወረቀቷን ከሥሯ አድርጌ ሰቅያታለሁ፤ ስጽፍ እንዳያት።

«ተለክታለች?» ብለውኝ ነበር፤ እውነተኛውን መልስ ሳይሰሙ ሄዱ። ሰባት ዓመት ዘገየሁ፤ ዘግይቶ የተማረ ሰው ነኝና ይታገሡኛል። ለካሁ፣ አው ዩሱፍ። ከላይ ያሉትንም፣ ከታች ያሉትንም፤ ሁሉንም ለካሁ። እርስዎ ልክ ነበሩ። ለቀቅ ብላለች።